ጉና ሲዘንብ ፎገራ ይወቅ

«የሀገር ደኅንነት» ሲባል ልጆቻችን ቶሎ የሚመጣላቸው ወታደርና ድንበር ነው። 1966ን የምናስታውስ ሰዎች ግን ሌላም ነገር እናውቃለን። ተሸፍኖ የቆየው የወሎ ረሃብ ሲጋለጥ የንጉሡን መንግሥት ካንገዳገዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ያን ዙፋን የጠላት ጦር አልነካውም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የሀገር ደኅንነት ፖሊሲም ድህነትንና ኋላ ቀርነትን ከዋና ሥጋቶች ቆጥሯቸዋል። ትክክል ነው እላለሁ፤ የሚያሳስበኝ ሐሳቡ ቀበሌ ድረስ መውረዱ ነው።

ባደግሁበት በአንበሳሜ አካባቢ ነገሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጉማራ ወንዝ ከጉና ተነሥቶ በደራና በፎገራ መካከል አልፎ ጣና ይገባል። ሜዳው ላይ ፀሐይ እየወጣም ቢሆን ጉና ላይ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ሌሊት ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። በዚያው ዞን ደግሞ እብናት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ቀረ ብለው ሰማይ ያያሉ። አንዱ ውኃ ሲሸሽ ሌላው ውኃ ይለምናል።

በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር። የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። መጠባበቂያ እህል ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም ሥራ ላይ ነበር። ዝግጅት ሰው ያተርፋል። ሰላም ሲታጣ ግን መንገድ ይዘጋል፤ እህሉም መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው የአየር ንብረቱን ጉዳይ ከጸጥታው ለይቶ ማቀድ የማይገባኝ።

የእቅዱ የመጨረሻ ጫፍ የእኛ ቤት ነው። የጉናው ሰው ዝናቡ ሲበረታ ለሜዳው ዘመዱ ስልክ ይደውላል? ደውሎስ ስልኩ ባይሠራ? እማማን ማን ይሸከማታል፣ ከብቱን ማን ይነዳል? ይህ በሰኔ ተነጋግሮ የሚያልቅ ነው፤ ነሐሴ ላይ በጨለማ አይሆንም። የመሬት ደብተሩና የልጆች የልደት ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል። ጥቂት ጓያና ሽንብራም ለዘር ይቀመጥ፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚበቅሉት እነሱ ናቸው።