ቾፕስቲክ እንዴት ይሠራል?

ቾፕስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው ሁለቱንም እንጨት አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል። እንጨቶቹ ይጠላለፋሉ፣ ጉርሻውም ከአፍ ሳይደርስ ይወድቃል። ምሥጢሩ ያለው በማይንቀሳቀሰው እንጨት ላይ ነው።

ሁለት እርሳስ አምጡና እንሞክረው። አንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አስተኙት፤ ፊቱን በቀለበት ጣት ጎን አስደግፉት። ይኼኛው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሌላውን ከላይ እንደ እስክሪብቶ ያዙት። የሌባና የመሐል ጣት ሲታጠፉ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ ሲዘረጉ ይከፈታሉ።

አሠራሩ የወረንጦ ነው። ጣት የሚገፋው መሐል ላይ፣ ምግቡ ያለው ግን ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጣት ጥቂት ሲንቀሳቀስ ጫፉ ብዙ ይሄዳል፤ በዚያው ልክ ጉልበቱ ያንሳል። ለስላሳ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ሳይፈርስ የሚነሣው በዚህ ነው። መቁረጥ ግን ይከብደዋል፤ ስለዚህ እኛ ዶሮን በየብልቱ አውጥተን እንደምንሠራው ሁሉ፣ ቢላው ሥራውን ጓዳ ጨርሶ ይመጣል።

መጀመሪያውም ጓዳ ሳይሆን አይቀርም። በቻይና አንያንግ አጠገብ፣ በዪንሹ ፍርስራሽ የተገኙት የነሐስ ቾፕስቲኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1200 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው፤ ከፈላ ድስት ውስጥ ምግብ ለማውጣት ያገለግሉ እንደነበር ይታመናል። ወደ ገበታ የወጡት በኋላ ነው። ዛሬ ቻይናውያን መሐል ላይ ከተቀመጠ የጋራ ሳህን ስለሚያነሡ የእነሱ ረጅምና ጫፈ ድልዱም ነው። የጃፓኑ አጠር ያለና ሹል ስለሆነ የዓሣ እሾህ ለመልቀም ይመቻል። ኮሪያውያን ጠፍጣፋ የብረት ቾፕስቲክ ይዘው ሩዙን በማንኪያ ይበላሉ።

ጃፓን ውስጥ ሁለት ነገር አታድርጉ። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ለሟች የሚቀርበውን ሩዝ ያስታውሳል። ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀባበልም እንዲሁ ነው፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚለቅመው በቾፕስቲክ ነውና። ገበታ ላይ ያንን ኀዘን ማስታወስ ያማል።

አንዴ ተበልቶበት የሚጣለው ቾፕስቲክ ግን የዛፍ ዕዳ ነው። ቻይና በ2006 እ.ኤ.አ. በእንጨቶቹ ላይ 5 በመቶ ግብር ጣለች። በካናዳ ቫንኩቨር በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቾፕቫልዩ የተባለ ኩባንያ ያገለገሉትን ሰብስቦ በሙጫ፣ በሙቀትና በግፊት ጠረጴዛና መደርደሪያ ያደርጋቸዋል።

ቤታችሁ የገባውንም አትጣሉት። አጥባችሁ አድርቁት፤ ለቃሪያ ችግኝ ድጋፍ ይሆናል። ሳምቡሳ ልትጠብሱ ስትሉ ደግሞ ቀለም ያልተቀባውን እንጨት ጫፉን ዘይቱ ውስጥ ንከሩት። ዘይቱ ከጋለ እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ ይወጣል፣ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ይከበዋል። ያኔ ሳምቡሳውን ጨምሩ፤ እንጨቱም ወደ ጥንት ሥራው፣ ወደ ድስቱ ተመለሰ ማለት ነው።