የማሞዝ ፍል ውሃ እርከኖች

ማሞዝ ሆት ስፕሪንግስ በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ በዋዮሚንግ ግዛት የሚገኝ የፍል ውሃ ስፍራ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲከለል በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በኮረብታው ወገብ ላይ ተደራርበው የሚታዩት ነጫጭ እርከኖች የሰው እጅ ያረፈባቸው ይመስላሉ፤ የገነባቸው ግን ውሃው ራሱ ነው።

የዝናብና የበረዶ ውሃ ወደ ምድር ሰርጎ በጥልቁ ሙቀት ይግላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ቀለል ያለ አሲድ ይሆንና የሚያልፍበትን የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ገጸ ምድር ላይ እንደደረሰ ጋዙ ልክ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ያመልጣል። ያን ጊዜ ውሃው የተሸከመውን ካልሲየም ካርቦኔት መያዝ ስለሚያቅተው ባለበት ይጥለዋል። ትራቨርቲን የሚባለው ድንጋይ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በገንዳው ጠርዝ ላይ ውሃው ስስ ሆኖ ስለሚፈስ ጋዙ በፍጥነት ይወጣል፤ ጠርዙም ከፍ እያለ እንደ ግድብ ይሆናል። በሌሎቹ የፓርኩ ፍል ውሃዎች በብዛት የሚከማቸው ሲሊካ እጅግ በዝግታ ሲያድግ፣ ትራቨርቲን ግን የቦታውን መልክ በጥቂት ዓመታት ይለውጠዋል።

ብርቱካንማው፣ ቡናማውና አረንጓዴው ቀለም በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት የሚሰጡት ነው። አዲስ ድንጋይ ነጭ ነው፤ ውሃ ሲርቀው ይገረጣል፣ ግራጫም ይሆናል። ስለዚህ ትናንት በፎቶግራፍ ያማረው እርከን ዛሬ ደርቆ ቢገኝ ፍል ውሃው አለቀ ማለት አይደለም። መተላለፊያው ተዘግቶበት በሌላ በኩል ወጥቶ ይሆናል። ሚነርቫ የተባለው ዝነኛ እርከን ደጋግሞ ደርቋል፣ ደጋግሞም ፈስሷል። 11 ሜትር ገደማ የሚረዝመው «የነፃነት ቆብ» የተባለው ዓምድም ውሃው የተለየው የጥንት ምንጭ ቅሪት ነው።

ጎብኚው ከሳንቃው መንገድ መውረድ የለበትም። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ያቃጥላል፣ የአንድ ሰው ኮቴም የዓመታት ሥራ ይሰብራል። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች በእርከኖቹ አጠገብ ባለው መንደር ሣር ይግጣሉ፤ ከእነሱ ቢያንስ 23 ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ በተለይ በመጸው፣ ወንዶቹ በሚቆጡበት የመራቢያ ወቅት። የላይኛው እርከን የመኪና መንገድ በክረምት ይዘጋል፣ ከሰሜን በር የሚመጣው ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ በውርጭ ቀን ደግሞ እንፋሎቱ ከእርከኖቹ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይነሣል።