የማረሻን ጫፍ በብየዳ ማጠንከር

የትራክተር ማረሻን ጫፍ ይበልጥ የሚበላው በአፈር ውስጥ ያለው አሸዋ ነው። የአሸዋው ኳርትዝ ጥንካሬ በቪከርስ መለኪያ 1,000 ገደማ ሲሆን፣ በእሳትና በውሃ የጠነከረ የማረሻ ብረት 500 ገደማ ነው። ክሮሚየም የበዛበት ኤሌክትሮድ ሲበየድ ግን 1,500 ገደማ የሚደርሱ የካርባይድ ቅንጣቶችን ይተዋል። በአንድ ገጽ ብቻ ከተበየደ ለስላሳው ወገን እየተበላ ስለቱ ራሱን ይስላል። ንብርብሩ ከሦስት ካለፈ ይላጣል። ቀጭን ስንጥቅ መታየቱ የቅይጡ ጠባይ ስለሆነ በያጁ አይወቀስበትም። ድንጋይ በበዛበት ማሳ ጥንካሬው ዝቅ ያለ፣ ምት የሚችል ዓይነት ይመረጣል።

የበሬ ማረሻ ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬው ሲደንዝበት ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ በእሳት ያስቀጠቅጠዋል፤ በዚህ ቅይጥ የተለበደ ጫፍ ግን በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማኅበሩ የአባላቱን ማረሻ በጅምላ ከማስበየዱ በፊት የአካባቢውን ቀጥቃጭ ማማከር ይኖርበታል።