ያውቁ ኖሯል? ራሱን የሚቃኝ ጊታር

የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ክሮቹን ራሱ የሚቃኝ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቅርቧል። «ሮቦት ጊታር» ይባላል፤ የመቃኛውን ቴክኖሎጂ የሠራው ግን ትሮኒካል የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነው።

አሠራሩ ያስደንቃል። ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት ድልድይ ላይ የእያንዳንዱን ክር ንዝረት የሚያነቡ ዳሳሾች አሉ። ተጫዋቹ አንዱን ማዞሪያ ወደ ላይ ስቦ ስድስቱንም ክሮች ሲመታ፣ በውስጡ ያለው አነስተኛ ኮምፒውተር የወጣውን ድምፅ መውጣት ከነበረበት ጋር ያነጻጽርና በጊታሩ ራስ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ሞተሮች ያዛል። በመደበኛው ቅኝት አምስተኛው ክር በሴኮንድ 110 ጊዜ እስኪርገበገብ ድረስ ይከርራል ወይም ይላላል። ትልቁ ጥቅሙ መድረክ ላይ ነው፤ ቅኝት ለመለወጥ ሌላ ጊታር ማንሳት አያስፈልግም።

አዲስ ክር ስለሚለጠጥ፣ ክር በቀየሩ ቁጥር በእጅዎ ቀስ አድርገው ሳብ ሳብ እያደረጉ ደጋግመው ያስቃኙት።

በ2010 ይፋ የሆነው ሌላው የጊብሰን ጊታር ፋየርበርድ ኤክስ ደግሞ ራሱን ከመቃኘቱ በተጨማሪ የድምፅ ኢፌክቶችን በሆዱ ይዞ መጣ። የሚያሳዝነው፣ በ2019 በርካታ ፋየርበርድ ኤክሶች በኤክስካቫተር ሲደፈጠጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ጊብሰን ጊታሮቹ ሊጠገኑ የማይችሉና ለአደጋ የሚያጋልጡ ክፍሎች ያሏቸው እንደነበሩ ገልጿል።

ያገለገለ ሮቦት ጊታር የሚገዙ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስድስቱም ሞተሮች መሥራታቸውንና ባትሪው ኃይል መያዙን ያረጋግጡ።