ተጨማሪ መረጃ፦ የኤርፖርት ተርሚናል የብረት ጣሪያ
የኤርፖርት ተርሚናል ስትራክቸር ዲዛይን ከመንገደኛው እንቅስቃሴ ይነሣል። ወረፋ፣ የሻንጣ ጋሪና የፍተሻ መስመር በሚበዛበት አዳራሽ የኮለን (ምሰሶ) ብዛት እንቅፋት ስለሚሆን ጣሪያው በጥቂት ኮለኖች ላይ ረጅም ርቀት መሻገር አለበት። በ1995 ዓ.ም. የተመረቀውና ማስፋፊያው በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ተርሚናል 2 የብረት ጣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻም የላዩን ሸክም ያለ ምሰሶ ይሸከማል። ቅስቱ ግን በዋናነት የሚሠራው በመጨመቅ ነው፤ ግራና ቀኝም ተራራው ደግፎታል። ተርሚናል እንዲህ ያለ ድጋፍ የለውም። ጣሪያውን የሚሸከመው ትረስ፣ ማለትም እርስ በርስ የተጋጠሙ የብረት ዘንጎች ማዕቀፍ ነው። ሸክም ሲያርፍበት የትረሱ የላይኛው ዘንግ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፤ ብረት ሁለቱንም ይችላል። ሆኖም ቀጭን ዘንግ ሲጨመቅ ጥንካሬው ሳያልቅ ሊጎብጥ ስለሚችል በመሐሉ ማገሪያ ይደረግለታል።

ሙቀትም ይሰላል፤ 100 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 36 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ጣሪያው ቀላል በመሆኑ ነፋስ ወደ ላይ እንዳያነሣው መታሰር አለበት።

ሌላው ትኩረት የሚሻው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የይፋቷን የማጀቴ ከተማ አፍርሷል፤ አዲስ አበባም ለስምጥ ሸለቆው ቅርብ ናት። ብረት ሳይበጠስ ብዙ መለጠጥ ስለሚችል የንዝረቱን ኃይል ይውጣል። ይህ የሚሆነው ግን መጋጠሚያው ቀድሞ ካልተላቀቀ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑና ብየዳው እንዲለጠጥ ከታሰበው ዘንግ የበለጠ ጥንካሬ ይሰጣቸዋል።