ከአወዳይ ጫት እስከ አይጥ አንጎል

ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አወዳይ ገበያ ውስጥ ጫት ሲጫን ያየ ሰው ጥድፊያውን ያውቀዋል። በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለው ጫት ሳይጠወልግ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ፣ ሐርጌሳ መድረስ አለበት፤ ካደረ ዋጋው ይወድቃል። ነጋዴው ከአባቱ የወረሰውን ይህን እውቀት የኬሚስትሪ ሰዎች የደረሱበት ዘግይተው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ከለጋ ጫት ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ እየተለወጠ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይሄዳል። ያደረ ጫት ቃሚውን የማያረካው ለዚህ ነው።

ምርቃናው ራሱ ግን የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው። ካቲኖን የነርቭ ሴሎች በትንንሽ ከረጢቶች ያከማቹትን ዶፓሚን እንዲለቁት ያደርጋል። ዶፓሚን ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ነው፤ መንቃት፣ መፈለግ፣ መንቀሳቀስ ያለ እሱ አይሆኑም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጫት ዶፓሚን አይሠራም፣ የተሠራውን ያስወጣል እንጂ። በርጫው ሲያበቃ የጎደለውን የሚተካው ማን ነው?

የሚተካው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ቶሺሃሩ ናጋትሱ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት በአሜሪካ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1964 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስተዋወቁት። ከባቄላውም ከሥጋውም የምናገኘውን ታይሮሲን፣ በብረትና በኦክስጅን እየታገዘ፣ ኤል-ዶፓ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ ሌላ ኤንዛይም ደግሞ ኤል-ዶፓውን ዶፓሚን ያደርገዋል። ቀርፋፋው የመጀመሪያው ደረጃ ስለሆነ የጠቅላላው ምርት ፍጥነት በእሱ ይወሰናል። መመሪያውን የያዘው ጂን በአጭሩ ቲኤች ይባላል፤ በሰው 11ኛው፣ በአይጥ 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል።

የዚህ ጂን ጉልበት የታየው በአይጥ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ፓልሚተርና ባልደረቦቻቸው ቲኤችን ከአይጥ ሲያጠፉ አብዛኞቹ ሽሎች ሳይወለዱ ሞቱ። ቀጥለው ዶፓሚን ብቻ የሌላቸውን አይጦች ፈጠሩ። እነዚህ ተወልደው ጥቂት ሳምንት ጠቡ፤ ከዚያ ግን መንቀሳቀስም መብላትም ተዉ፣ ምግብ አጠገባቸው እያለ በረሃብ ሞቱ። ኤል-ዶፓ የተወጉት ግን ተነስተው በሉ። ስለ ዶፓሚን የተጻፈው ሁሉ ቢጠፋና ይህ አንድ ሙከራ ቢቀር እኔ ይበቃኛል።

ጂኑን ለማጥናት የሚያስፈልጉት ነገሮች ሲያዩዋቸው ተራ ናቸው፤ በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ግርጌ ያለ ጥቂት ጠብታ። አንዱ ዓይነት ፕራይመር ነው፣ ሴሉ ከጂኑ የቀዳውን መልእክት ብዛት ለመለካት ይረዳል። ዋናው ግን አንቲቦዲ ነው። የኤንዛይሙን ቁራጭ ጥንቸል ወይም በግ ላይ ይወጋሉ፤ የእንስሳው ገላ እንግዳውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ያ ከደሙ ይጣራል። በስሱ በተቆረጠ የአይጥ አንጎል ላይ ሲያፈሱት ኤንዛይሙ ያለበትን ሴል ፈልጎ ይጣበቃል። በላዩ ደግሞ ቀለም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ በማይክሮስኮፕ የሚያበራው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያው ከአይጥ የተሠራ ከሆነ ሁለተኛው በናሙናው ውስጥ ያለውን የአይጧን የራሷን አንቲቦዲ ሳይቀር ስለሚይዝ ሥዕሉ ይደፈርሳል። አይጥ ለሚያጠና ሰው የጥንቸሉ ወይም የበጉ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንቲቦዲ ሻጮች ካታሎግ ላይ የተጻፈውን ብቻ ማመን ግን ሞኝነት ነው። ከአንጎል የወጣው ፕሮቲን በክብደቱ ሲደረደር አንቲቦዲው 60 ሺህ ዳልተን አካባቢ አንድ መስመር ማሳየት አለበት፤ ሌላ መስመር ከበዛ ያልተፈለገ ነገር ይዟል ማለት ነው። ጂኑ በጠፋበት ናሙና ላይ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም። ደግሞም የኤንዛይሙ መኖርና መሥራት ሁለት ነገር ነው። ሲነቃ ፎስፌት ይለጠፍበታል፤ ያንን ብቻ የሚለይ ሌላ አንቲቦዲ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለሐረር ምኗ ነው? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ተመራማሪዎች የጫት ጭማቂ ለአይጥ ሰጥተው ባህሪውን አጥንተዋል። ሐራራው ሲመጣ፣ ሌሊት ዱካክ ሲጫን፣ በየቀኑ ዶፓሚኑን ያስወጣ አንጎል ምን ላይ እንደሆነ፣ ቲኤች ይበዛ ይነስ፣ ለማወቅ ግን ወደ ሴሉ መግባት ግድ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ጫቱም፣ ቃሚውም፣ ሐኪሙም እዚያው ናቸው። ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

እንቅፋቱ ሙቀት ነው። ብዙው አንቲቦዲ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል፤ እየቀለጠ ደጋግሞ ሲረጋ ይበላሻል፣ የተበላሸ ጠብታ ደግሞ ከደህናው በዓይን አይለይም። መብራት ጠፍቶ ባደረ ፍሪዘር ውስጥ የነበረ አንቲቦዲ ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ ጫት ቲኤችን አጠፋው ብሎ የሚጽፍ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በሐረር ይህን ጥናት የምታስቡ፣ ቱቦው በደረሰበት ቀን ለአንድ አንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ አስቀምጡት። ገንዘብ የምትመድቡም የጄኔሬተሩን ናፍጣ ከአንቲቦዲው ጋር በአንድ በጀት ያዙት።