ለዓሦቻችን በቅድሚያ ውሃውን እናዘጋጅ



በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ዓሣ ማሳደግ ለልጆቻችን የአላህን ፍጥረት ማስተንተኛ ነው። ሆኖም ገንዳው በተገዛበት ዕለት የገቡ ዓሦች ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተው ይገኛሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ታዲያ ምን ገደላቸው?

ከዓሣው ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይወጣል። አላህ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ፈጥሯል፤ አንዳንዶቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ መርዛማውን ናይትራይት ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጣሉ። በእንጅባራ አቅራቢያ እንዳለው ዘንገና ባሉ ሐይቆች ባክቴሪያዎቹ በድንጋይና በአፈር ላይ ይኖራሉ፤ በአዲስ ገንዳ ግን ገና አልተራቡም።

ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን ሳንከድን እናቆየው። ከዚያም ጠጠርና ማጣሪያ እናስገባ፤ ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሥራ። በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመርን ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንታገሥ። እንደ አዲስ ቅዳም ባለ ብርዳማ ደጋ ባክቴሪያዎቹ ቀስ ብለው ስለሚባዙ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ምግቡ ሳይቋረጥ በመመርመሪያ የሚለካው አሞኒያና ናይትራይት 0 ሲሆን፣ የውሃውን ግማሽ ያህል ለውጠን በመጀመሪያ ጥቂት ዓሦች ብቻ እናስገባ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ በረሃብ በመግደሏ ስለተቀጣችው ሴት ነግረውናል። ዓሣም በእጃችን የገባ አማና ነው፤ ከገንዳው ወጥቶ ሌላ ውሃ መፈለግ አይችልም። ልጆቻችን ባዶውን ገንዳ እየተንከባከቡ ሰብርን ይማሩ።

አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን፤ አሚን።